ነፍሷን ብቻ

የፉሪ ሰፈር ሰው ጤናዬን የሚያውቃት በምስጋናዋ ነበር። ታክሲ ቢያመልጣት «ተመስገን፣ የሚቀጥለው ወንበር ይኖረዋል» ትላለች። መብራት ቢጠፋ «ተመስገን፣ ወጡ ቀድሞ በስሏል» ትላለች። ባሏ ቶሌራ ከአባቱ ከበንቲ የወረሳቸውን ላሞች እያለበ ወተት ለላፍቶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የሚያደርስ ዝምተኛ ሰው ነው። እሱ እንኳ አንዳንዴ ይቀልድባት ነበር። «አንቺ እኮ ቤቱ ቢቃጠል፣ ሞቀን ተመስገን ትያለሽ» ይላታል። እሷም ትስቃለች።

ከእራት በፊት ልማድ ነበራቸው። ጤናዬ ሁለቱን ሴት ልጆቿን ግራና ቀኝ አስቀምጣ «እስቲ ዛሬ ስለ ምን እናመስግን?» ትላቸዋለች። ትልቋ ናፍቆት ሁለተኛ ክፍል ናት። ጣራ ጣራ እያየች አስባ አስባ «ቲቸር ስላልተቆጣችኝ» ወይም «ቡሬ ጥጃ ስለወለደችልን» ትላለች። አራት ዓመት የሆናት ቤዚ ግን ማሰብ አያስፈልጋትም። እህቷን ሳታስጨርስ «ስለ ሙዝ!» ብላ ትጮኻለች። ሙዝ ባልተገዛበት ቀንም ስለ ሙዝ ነበር የምታመሰግነው። ቶሌራ ከጓሮ እጁን ታጥቦ ሲገባ ምስጋናው አልቆ ይደርሳል፤ አሜን ብቻ ይላል። ከዓመት በዓል ውጭ ቤተ ክርስቲያን የማይረግጥ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ከማጅራት ገትሩ በፊት ነው።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ነፋሱ አቧራውን በሚያነሳበት ሰሞን፣ ቤዚ አተኮሳት። ጠዋት ራሴን አለች። ከሰዓት አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ብርሃን ስታይ ታለቅስ ጀመር። ቶሌራ አቅፏት እስከ አስፋልቱ ሮጠ፤ ጤናዬም ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ ተከተለችው። ናፍቆትን ጥለው የሄዱት ለጎረቤታቸው ለዙሌካ ነው። ዙሌካ ከባሏ ከመሐሙድ ጋር ማዕዘኑ ላይ ሱቅ አላት። አንድ ቃል ሳትጠይቅ ልጅቷን እጇን ይዛ ሱቋን ዘጋች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ቤዚ ዓይኗን አልገልጥ አለች። ሐኪሞቹ ከወገቧ ፈሳሽ ቀዱ፣ መድኃኒት በግሉኮስ ሰጡ፣ «እንጠብቅ» አሉ። ጤናዬ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ጸሎት የለመደ አፏ የሚለው ሁሉ ጠፍቶበት፣ አንድ ቃል ብቻ ቀረው።

«እመቤቴ፣ ነፍሷን ብቻ አትርፊልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ለሐና ማርያም ጥላ አገባለሁ። ነፍሷን ብቻ።»

ቤዚ ተረፈች። ዓይኗን ገልጣ ውሃ ስትጠይቅ ጤናዬ ወለሉ ላይ ተደፍታ መሬቱን ሳመች። ቶሌራ አላስቻለውም፤ በዚያው ቀን ወጥቶ የስለቱን ጥላ ገዛ፤ ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ አለው። በላስቲክ አስጠቅልሎ ይዞ መጣ።

ሊወጡ ሲሉ አንዲት ነርስ የብረት ሳህን ከእጇ አመለጣት። ድምፁ ክፍሉን አናጋው። የተኙት ሕፃናት ሁሉ ደንግጠው አለቀሱ። ቤዚ ለነርሷ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ የካልሲዋን ክር ትመዛለች፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ጤናዬ የሆነው ወዲያው ነው የገባት። ቢሆንም «ቤዚ» አለች። «ቤዚዬ። ቤዛዊት!»

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የሚናገረውን መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው። በሽታው የውስጥ ጆሮዋን ጎድቶታል አለ። ሁለቱንም። አይመለስም።

ቤት ሲገቡ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» አሏት። «ተመስገን በይ፣ ስንቱ ሬሳ ታቅፎ ነው የተመለሰው» አሏት። ትክክል እንደሆኑ ታውቃለች። ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች። ያን ለዓመታት ከአፏ ያልተለየ ቃል ልትለው ስትል ግን አይወጣትም። ሌሊትና ቀን አንድ ነገር ይመላለስባታል፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም ብላ ነበር። ከነጆሮዋ ብትል ምን ነበረበት? እንደነበረች ብትል? በቃሏ ነው የተያዘችው። ነፍሷን ብቻ አለች፣ ነፍሷን ብቻ ተሰጣት።

ጥላው ከነላስቲኩ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣ። እዚያው ቀረ።

በመጀመሪያው ማታ ናፍቆት እንደ ልማዷ ቦታዋን ይዛ ተቀመጠች። ጤናዬ ወዲያው ወጡን ጨለፈች።

«ማሚ፣ አላመሰገንንም እኮ» አለች ናፍቆት።

«ብሉ።»

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ናፍቆት መጠየቋን ተወች፤ ግን እናቷ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስክታነሳ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ቤዚም እህቷን አይታ እጇን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ከሰነበተ በኋላ አንድ ማታ ቶሌራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ» አለ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «እ... ቡሬ ጡቷ አብጦ ነበር፤ ዛሬ ተሻላት። ስለ እሱ።»

ጤናዬ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ልጆቹ ከተነሱ በኋላ ተከትሏት ሄደ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችው ሳትዞር።

«ልጆቹ ይጠብቃሉ።»

«እና?»

«እናማ ቁጭ ብለው ይጠብቁሻል፣ ጤናዬ። አንቺ ካላልሽ አንድ ሰው ማለት አለበት።»

 ጤናዬ አጥባ የጨረሰችውን ሰሃን ደግማ አጠበችው።

ከሁሉ የከፋው የቤዚ ነገር ነበር። ሳቂታዋ ልጅ ትናከስ ጀመር። ናፍቆትን ፀጉሯን ይዛ ትጎትታታለች፤ ሰው ሲያወራ መሐል ገብታ ትጮኻለች፤ ከዚያ ጥግ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች። ጤናዬ ልጅቷ ምን እንደሆነች የገባት አንድ ከሰዓት፣ ልብስ ስታጥብ ነው። ቤዚ መጥታ የሳሙናውን ውሃ በእግሯ ደፋችው። ጤናዬ ብድግ ስትል ልጅቷ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ጮኸች።

«ለምን ዘጋሽኝ? ሁላችሁም ዘጋችሁኝ! አባም፣ ናፊም! ምን አደረግሁ?»

ጤናዬ እጇ ላይ ያለው አረፋ እንዳለ አቀፈቻት። «አልዘጋንሽም፣ የኔ እናት። አልዘጋንሽም። እናወራሻለን እኮ፣ ሁልጊዜ እናወራሻለን» ትላታለች። ልጅቷ ግን እየተንፈራገጠች «ለምን አትመልሺልኝም?» ትላለች።

ያን ቀን ጤናዬ እግሯ ወደ ዙሌካ ሱቅ ወሰዳት። ዙሌካ ፊቷን አይታ በርጩማ ሰጠቻት። ጤናዬም ሁሉንም ነገረቻት፤ ልጅቷ ያለቻትን፣ ስለቱን፣ ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠውን ጥላ።

«ምን ብዬ ላግባው?» አለች። «አፌ ተመስገን ቢል ልቤ ውሸታም ይለኛል።»

ዙሌካ የበኩር ልጇን አናስን የቀበረችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ስሙን ብዙ ጊዜ አታነሳም።

«እኔ አናስ የሞተ ለት አልሐምዱሊላህ ያልኩት ደስ ብሎኝ መሰለሽ?» አለች።

«ታዲያ ለምን አልሽ?»

«እንጃ። ሌላ የማውቀው ቃል አልነበረኝም። እየጮኽኩ ነው ያልኩት፤ መሐሙድ እንኳ ፈርቶኝ ነበር። እሱን ስል ተናድጄበት ነበር፣ በጌታዬ።» ዙሌካ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እስካሁንም አንዳንድ ቀን እናደዳለሁ። ግን ዝም አልለውም። ዝም ብለው፣ ማን ይቀረኛል?»

ጤናዬ አልተጽናናችም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ስለ ዝምታ እያሰበች ነበር።

ሌላ ቀን ጠዋት ቶሌራ ከጓሮ ተጣራ። አጠራሩ የተለመደው አልነበረም። ጤናዬ ደንግጣ ባዶ እግሯን ወጣች። ጥጃዋ ከአጥሩ ወዲያ ታስራ ቆማለች፤ ቡሬ እሷን እያየች ታገሳለች። ቤዚ ላሟ ሥር ቆማ መዳፏን በቡሬ አንገት ላይ፣ ከመንጋጋዋ በታች ለጥፋለች። ላሟ ባገሳች ቁጥር የልጅቷ ፊት ይበራል።

«አባ፣ ትናገራለች!» አለች እየሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ማንም አልሰማትም ነበር። «ቡሬ አልዘጋችኝም! ተናገረችኝ!»

ቶሌራ የወተቱን ባልዲ እንደያዘ ቀረ። በአባቱ ቋንቋ «ኢንተላ ኮ» አለ፣ ልጄ እንደማለት።

ጤናዬ እበቱ ላይ ተንበረከከች። የቤዚን እጅ ከላሟ ላይ በቀስታ አንስታ የራሷ ጉሮሮ ላይ አደረገችው።

«አልዘጋሁሽም» አለች። «ቤዚ። ቤዚዬ። ማሚ አልዘጋችሽም።»

ልጅቷ ሳቋን አቆመች። እጇን ጫን አደረገችው። የእናቷን አፍ አየች፣ እጇን አየች፣ እንደገና አፏን አየች። ከዚያ ዞራ ወደ አባቷ ሮጠችና ጎንበስ እንዲል ጎተተችው። ቶሌራ ባልዲውን አስቀምጦ ጎንበስ አለ፤ እጇን አንገቱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እሱም የመጣለትን ሁሉ አወራላት፤ ስለ ላሞቹ፣ ስለ መኖው፣ ስለ ዝናቡ።

«ታወራላችሁ» አለች ቤዚ። ድምፏ ቀጭን ነበር። ሌላውን እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «እኔ ጋ ነው የጠፋው?»

ጤናዬ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ።

ቤዚ አለቀሰች፤ እንደ በፊቱ ግን አልተናከሰችም፣ አልተማታችም። የእናቷ ጉያ ገብታ፣ እጇን ጉሮሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ አለቀሰች። ጤናዬም አብራት አለቀሰች፤ የሳጓ ንዝረት በልጅቷ መዳፍ እያለፈ።

በሚቀጥለው የማርያም ቀን ጤናዬ ጥላውን ከቁም ሳጥኑ አወረደች። ለማንም ምንም አላለችም። ነጭ ለበሰች፤ ልጆቹንም አለበሰች። ቶሌራ ወተቱን አድርሶ ሲመለስ በር ላይ አገኛቸው፤ ፊቱን ታጥቦ ጋቢውን ደርቦ ሳይጠሩት ተከተላቸው።

ሐና ማርያም ቅጽር ግቢ ሰው በዝቷል። ጥላውን ለካህኑ ከማስረከቧ በፊት ጤናዬ ግንቡን ተጠግታ ግንባሯን አስደገፈች።

«ይኸው» አለች በልቧ። «ያልኩሽን አምጥቻለሁ። ነፍሷን ሰጥተሽኛል፣ ስለ እሱ ተመስገን እላለሁ። ስለ ጆሮዋ ግን አዝኜብሻለሁ። አንቺም ልጅ አለሽ። ይህንንም ሰምተሽ ተቀበይኝ።»

ጥላውን ሰጠች። ከመስጠቷ የጠበቀችው ዕረፍት አልመጣም። ደክሟት ነበር፤ ያ ብቻ።

ቆይቶ ካህኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚጸልይበት፣ ምእመኑ ሁሉ ባጎነበሰበት ሰዓት፣ ቤዚ ድምፏ ምን ያህል እንደሚሰማ ሳታውቅ በሙሉ ጉልበቷ ጮኸች።

«ማሚ! ውሃ ጠማኝ!»

ሰው ዞረ። አንዲት ባልቴት ከንፈራቸውን ነክሰው አፍጥጠው አዩአቸው። ናፍቆት በሐፍረት ነጠላዋ ውስጥ ተደበቀች። ጤናዬ ግን የልጅቷን አፍ አልያዘችም። ያ ድምፅ እየደከመ ከሄደ ሰንብቶ ነበር። ቤዚ የቃላት መጨረሻ ትውጥ ጀምራለች፤ አንዳንዶቹን ከነጭራሹ ትታቸዋለች። አሁን ግን ሦስቱም ቃል ጥርት ብሎ ነበር የወጣው። ጤናዬ ጎንበስ ብላ ልጅቷን አዘለቻትና በሰው መሐል እየተጋፋች ወጣች። ቧንቧው ጋ ደርሳ በእፍኟ እያጠጣቻት «ተመስገን» አለች። ድምፅ አውጥታ ነበር ያለችው። እንዳለችው ራሷም የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ነገሩ በዚህ አልተስተካከለም። ክረምቱ ረዘመ፤ የቤዚ ንግግር ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ሄደ። ቤት ውስጥ የራሳቸውን ምልክት ፈጠሩ፤ አብዛኛውን ያወጣችው ናፍቆት ናት። ለማመስገን መዳፍ ደረት ላይ ይደረጋል። ቶሌራ በየማታው አንድ ነገር አያጣም፤ አብዛኛው ስለ ላም ነው። ጤናዬ የምትልበት ማታ አለ፣ ዝም የምትልበትም አለ። ዝም ስትል ማንም አይጠይቃትም።

መስከረም ላይ ቤዚን መካኒሳ ወደሚገኝ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ወሰደቻት። አስተማሪዋ ቀድማ ነግራታለች፤ የምልክት ቋንቋውን መላው ቤተሰብ መማር አለበት፣ የቤዚ ንግግር ግን ሊጠፋ ይችላል።

ግቢው በልጆች ተሞልቶ ነበር። ይሯሯጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ይስቃሉ፤ እጃቸው አያርፍም። ቤዚ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ ዓይኗን ከእጆቹ መንቀል አቃታት። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ መጥታ ከፊቷ ቆመች። በጣቶቿ አንድ ነገር አለቻት። ቤዚ አልገባትም። ልጅቷ ቀስ ብላ ደገመችላት። ከዚያ እጇን ይዛ ጎተተቻት፣ ቤዚም ቀሚሱን ለቀቀች።

ጤናዬ ልጇ ዞር ብላ እስክታያት በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ቤዚ አልዞረችም።

ስትመለስ ጤናዬ ታክሲው ውስጥ በመስኮት በኩል ጥግ ያዘች። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ሲጣራ ልቧ ገና ቀሚሷን በለቀቀችው በቤዚ ላይ ነበር። መውረጃዋን አልፋ ሄደች። ሩቅ ወርዳ፣ ጭቃውን እየረገጠች በእግሯ ተመለሰች።