የሐጂ ገብስ ውስጥ የገባው ሳሎኔ

«እማዬ፣ ፎቶ ሲተልቅ ሰውየውም ይተልቃል?» ብላ ልጄ በሕፃንነቷ ስትጠይቀኝ ስቄባት ነበር።

ዘንድሮ ሳጉሬ ላይ ቤት ልሠራ አሰላ ሄጄ ፕላን አሠራሁ። ፕላን ሠሪው ሥዕሉ ወረቀቱን እንዲሞላ ብሎ በኮምፒውተሩ ለጠጠው፤ «ስኬል አንድ ለመቶ»፣ ማለትም የወረቀቱ አንድ ሳንቲሜትር መሬት ላይ አንድ ሜትር ነው የሚለውን ጽሑፍ ግን እንዳለ ተወው። ግንበኛው ወረቀቱን በማስመሪያ እየለካ ችካል ሲተክል፣ ሳሎኔ የጎረቤቴ የሐጂ ገብስ ውስጥ ገባ።

«አንቺ ልጅ፣ ሳሎንሽ ገብሴ ውስጥ ምን ያደርጋል?» አሉኝ ሐጂ። ድንበር የሚገፋ የተረገመ ነው ሲባል እየሰማሁ ላደግሁት ለእኔ!

ፕላን ሠሪው ጋ ደወልኩ። «እናቴ፣ ቤቱን እኮ አልነካሁትም፤ ያተለቅሁት ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ከኪዳን መልስ ችካሎቹን ነቅዬ በሚኒባስ አሰላ ሄድኩ። ጭቃቸውን ሳልጠርግ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸውና፣ «በል፣ እነዚህንም በኮምፒውተርህ መልሳቸው» አልኩት።