«ብዛት» የሚለው ሳጥን

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጽሕፈት የኔ ሥራ አይደለም። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ዛሬም አንድ መስመር ጽፌ ሁለት መስመር እሰርዛለሁ። ግን የዚህን ሰው ነገር የሚጽፍለት ሌላ ሰው ስላጣሁ፣ ከሚቀር ብዬ ደፈርኩ። ስህተት ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ እለፉኝ። በአንድ መጋዘን አብሬው ዕቃ ሳነሳ ያየሁትንና ራሱ የነገረኝን ነው የምጽፈው።

ሰውየው የሆስፒታሉ ዕቃ ገዢ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ቆጣሪው» ይለዋል። ወንበር ሲመጣ ይቆጥራል፣ አንሶላ ሲመጣ ይቆጥራል፣ ደረጃ ሲወጣ እንኳ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሃያ ዓመት ሲገዛ አንድ ብርድ ልብስ ጎድሎበት አያውቅም። ትምህርቱ እንደኔው ነው፣ እምብዛም። ፊርማውን ግን አንድ ክረምት ሙሉ በካርቶን ጀርባ ላይ ተለማምዶ ነው ያወጣት። ሲፈርም ብታዩት ትንፋሹን ይውጣል፤ ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው።

ባለፈው ወር የሆስፒታሉ ኔትወርክ ጠዋት ተቋርጦ ማንም ሳያውቅ እኩለ ቀን ሆነ። የላቦራቶሪ ውጤት ከክፍሉ አልወጣ ብሎ በሽተኛው ሐኪሙን፣ ሐኪሙ ወረቀቱን ሲጠብቁ ዋሉ። ሥራ አስኪያጇ ተናደደችና፣ ኔትወርኩን ቀን ከሌት የሚጠብቅ፣ አንዱ መሣሪያ ሲደክም ወዲያው የሚናገር ሶፍትዌር ይገዛ አለች። የሦስት ሻጮች ዋጋ እንደመጣ ቆጣሪውን ጠራችው።

«የዋጋ ማወዳደሪያ ቅጹን ሞልተው ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለኮሚቴው ያቅርቡ» አለችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ቀስ ብላ፣ «የሚከብድዎት ከሆነ ግን ይንገሩኝ። ግዢውን ከነፊርማው ለሒሳብ ክፍል አዞረዋለሁ፤ እርስዎ መጋዘኑን ብቻ ይጠብቃሉ።»

ክፋት አልነበረባትም። እሱ ግን ጆሮው ጋለ።

«ኧረ ምን ይከብዳል!» ብሎ ወጣ። ውስጡ ግን ከወዲሁ ጭልም ብሎበታል።

ማወዳደሪያው አራት ሳጥን አለው፦ የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ። ሃያ ዓመት ሙሉ ወንበሩም ጎማውም በነዚህ ሳጥኖች ሲያልፍ ኖሯል። አሁን ግን የመጀመሪያው ሻጭ «በመሣሪያ፣ በዓመት» ይላል፤ እስከ መቶ መሣሪያ አንድ ዋጋ፣ ከመቶ ካለፈ ደግሞ እጥፍ ከነምርቃቱ። ሁለተኛው «በሴንሰር» ይላል። ሦስተኛው «አንዴ ከተገዛ የዘላለም» ይልና፣ ከሥሩ ጉንዳን በሚያካክል ፊደል «ድጋፍና ማሻሻያ በየዓመቱ ለብቻው ይከፈላል» ብሎ ይጨምራል።

«የዘላለም ከሆነ በየዓመቱን ምን አመጣው?» አለኝ።

«ምናልባት ዘላለም ሲባል…» ብዬ ጀመርኩና መጨረሻው ጠፋኝ።

ለሁለተኛው ሻጭ ደወለ። አንድ ፈጣን ወጣት አነሳው።

«ስንት ሴንሰር ይፈልጋሉ ጋሼ?»

«እናንተ ጋ ስንት አለ?»

«ገደብ የለውም።»

«መጋዘን ውስጥ ያለውን ነው የምጠይቅህ።»

«መጋዘን የለንም ጋሼ። ሲከፍሉ የፈቃድ ቁጥር በኢሜይል እንልክልዎታለን።»

«እሺ፣ ዕቃውስ መቼ ይደርሳል?»

«ዕቃው እኮ እሱው ነው።»

ቆጣሪው ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። «ታዲያ ሲመጣ ምኑን ልረከብ?» አለ። ለኔ ይሁን ለስልኩ አልለየሁም።

ወጣቱ አስረዳው። ሴንሰር ማለት በመሣሪያው ላይ የሚጠበቀው አንዱ ነገር ነው፤ ሙቀቱ አንድ፣ የፋይል ማከማቻው መሙላት አለመሙላቱ አንድ፣ መስመሩ መኖሩ አንድ፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አምስትም አሥርም ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው «እሺ… እሺ… አዎ» ሲል ቆየ። ስልኩ ሲዘጋ ብጣሽ ወረቀቱን አየሁት፤ «ሙቀት» የሚል ቃል ብቻ ነበረበት።

ሰው ሲጨንቀው ወደሚያውቀው ይሸሻል። የንብረት መዝገቡን አወረደና ኮምፒውተሩን፣ ማተሚያውን፣ ግድግዳ ላይ መብራታቸው ብልጭ ድርግም የሚሉትን ሳጥኖች፣ መዝገቡ ላይ መስመር በመስመር በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። «ብዛት» በሚለው ሳጥን በእርሳስ 218 ሲጽፍ ፊቱ በራ። በመጀመሪያው ሻጭ ዋጋ ሲያሰላው ግን ብርሃኑ ጠፋ፤ የሆስፒታሉን የዓመት አንሶላ መግዣ በላው።

ምሳ ሰዓት ቤቱ ገባ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ ምን ሆኗል?» አለችው።

ነገራት። አንዱ በመሣሪያ፣ አንዱ መሣሪያው ላይ ባለው ነገር እንደሚያስከፍል።

«እንዴት እንዴት! እኔስ ሸሚዝ ሰፍቼ በቁልፉ ብዛት ላስከፍል? ደንበኛዬ ደረቱን ከፍቶ ይሄድብኛላ!» ሳቀችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ግን ስንት ቁልፍ እንደሚበቃው የሚያውቀው ለባሹ ነው። ያቺን የኔትወርክ ሠራተኛ ለምን አትጠይቃትም?»

«ልጄን የምታክል ልጅ! አላወቀም ትበለኝ?»

«አላወቅህማ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ኔትወርክ ክፍሉ ሄደ፤ ገብቶ ግን ወንበር መቁጠር ጀመረ።

«ጋሼ፣ ትናንት ቆጥረዋቸዋል እኮ» አለችው ልጅቷ።

ተያዘ። ቅጹን ከኪሱ አወጣና፣ «እንዲያው… ትክክል መሆኑን አየት ብታደርጊልኝ» አለ ወደ መሬት እያየ።

«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት? ከየት አመጧቸው? እኔ የማውቀው መቶ አይሞላም።»

«መዝገብ አይዋሽም!» አለ፤ እዚህ ላይ እንኳ ደፈር ብሎ ነው።

ተያይዘው ወደ መጋዘን መጡ። የጓሮውን ክፍል የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። የሞቱ ኮምፒውተሮች እስከ ጣሪያ ተከምረዋል፤ ጥርሳቸው የረገፈ ኪቦርዶች፣ አንጀታቸው የወጣ ማተሚያዎች። ሁሉም የንብረት ቁጥራቸው ተለጥፎባቸዋል።

«እነዚህንም ቆጥረዋቸዋል?»

«ከመዝገብ ያልተሰረዘ ንብረት እንዳለ ነው የሚቆጠረው፤ ደንቡ ነው። አስወጋጅ ኮሚቴው ከተሰበሰበ አራት ዓመቱ።»

«ታዲያ እነዚህን ይጠብቅልን ብለን በየዓመቱ ልንከፍል ነው? ለነሱማ የበሩ ቁልፍ ይበቃቸዋል!»

ሳቅ አመለጠኝ። ቆጣሪው ዞር ብሎ ሲያየኝ ዋጥኩት። እሱ አንድ የሞተ ማተሚያ ላይ ተቀመጠ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ዋልኩ በይኛ» አለ። ከዚያ ከአፉ ሲወጣ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገረ፤ «ልጄ፣ አልገባኝም።»

ልጅቷ ቀልዷን ተወች። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ የሴንሰሩን ስሌት ጀመረች። «በአንዱ ላይ አምስት ብናይ… ግን እነዚያ ግድግዳ ላይ ያሉት መስመር አከፋፋዮች ሃያ አራት ሃያ አራት ቀዳዳ አላቸው፤ ሁሉንም ካየን…» ስልኳ ላይ ሦስት ጊዜ አሰላች፤ ሦስት ዓይነት መልስ ወጣ። ግንባሯን አሸች።

«እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ? ሥራውን አውቀዋለሁ፤ ዋጋው ላይ ስደርስ እኔም ግራ ይገባኛል።»

ይህን ሲሰማ ደስ ይበለው ይፍራ፣ ራሱም እንዳላወቀ ነግሮኛል። የተማረችው ግራ ከገባት ማን ሊያውቅ ነው? ካልሞላውስ ነገ ያቺ ፊርማው ልትሄድ ነው? እንዲህ እያለ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጣ። መዝገቡን አላወረደም። ጠመኔ ይዞ፣ ልጅቷን ከፊት አስቀድሞ ክፍል ለክፍል ዞረ። መብራቱ የበራውን፣ የሚሠራውን መሣሪያ ሁሉ ጎኑ ላይ በጠመኔ ጫር እያደረገ ቆጠረ። ሰማንያ ሰባት ሆኑ። መጋዘን ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ፤ 218ን በላጲስ አጥፍቶ 87 ጻፈ። ከዚያ ከሳጥኖቹ በታች፣ ምንም እንዲጻፍ ባልተተወ ቦታ ላይ፣ ፊደል በፊደል እንዲህ ሲል ጨመረ፦ «የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። የሴንሰሩና የዘላለሙ ሒሳብ አልገባኝም። ሦስቱም ሻጮች መጥተው በእነዚሁ 87 ላይ የሦስት ዓመቱን አጠቃላይ ዋጋ ይንገሩን።»

«አልገባኝም» የሚለውን ሁለቴ አነበበው፤ አልሰረዘውም። ትንፋሹን ዋጠና ፈረመ፤ አጥብቆ ስለተጫነው ፊርማው ከወረቀቱ ጀርባ ጎልቶ ወጣ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ካፖርቱን አራግፎ ቅጹን ይዞ፣ ደረጃውን ሳይቆጥር ወደ ኮሚቴው ክፍል ወጣ።