ሳፋው ውስጥ የተረፈው ውሃ

ባለፈው ሳምንት ግቢዬ ውስጥ የደንበኛ ቶዮታ ኮፈን ከፍቼ የራዲያተር ቱቦዎች ስቀይር፣ አጥሬን የሚለስነው የወሎው ልጅ ደሳለኝ ከመሰላሉ ወርዶ ከመኪናው ሥር ያለውን ሳፋ አየ።

"ጋሼ፣ ይህን ውሃ ችግኟን ላጠጣት? አረንጓዴ ነው፣ ይስማማታል።"

"እጅህን አንሳ።"

"ኧረ ቀልዴን ነው።"

"እኔ አልቀለድኩም።"

ቅር ብሎት ወደ መሰላሉ ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ሐርጌሳ ውስጥ ውሃ እንደማይደፋ እሱም ተምሯል። እኔ ደግሞ የተማርኩት ሌላ ነው።

ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ጋራዥ እሠራ ነበር። ማንበብ አልችልም ነበር። ዘይቱ ውስጥ ነዳጅ ገብቶ እንደሆነ፣ የፈሰሰው የምን ፈሳሽ እንደሆነ፣ ሁሉን የምለየው በምላሴ ነበር። አሠሪዬም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። እኮራበት ነበር፣ ጅል።

የእናቴ ወንድም ፈረንጆች የሚሠሩበት ቢሮ ሾፌር ነበር። ፈረንጆቹ ሲሸሹ የቢሮው ፒክአፕ እሱ ግቢ ቀረ። እኛ ሶማሌዎች የእናትን ወንድም አብቲ እንላለን፤ እሱም መልሶ የእህቱን ልጅ አብቲ ይለዋል። ሰላት የማያጓድል፣ ሲጋራ እንኳ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነበር።

የገዛ መንግሥታችን አውሮፕላኖች ከራሳችን ከተማ ማረፊያ እየተነሱ እኛኑ ይደበድቡ ነበር። ሰፈሩ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ወጥቶ አልቋል። እናቴ ግን ጉልበቷ ታሞ ከበር አታልፍም። መኪናው ካልተነሳ እዚያው መቅረቷ ነው። የመኪናውን የላይኛውን ቱቦ ደግሞ ፍንጣሪ በጥሶታል።

ጠዋት ላይ መንገድ ዳር ከተቃጠለ ተመሳሳይ መኪና ቱቦ ፈትቼ አመጣሁ። ሙቀቱ ከወዲሁ ያቃጥላል፤ ነፋሱ አቧራና የተቃጠለ እህል ሽታ ይዞ ይመጣል። ለቁርስ ደረቅ ተምር ነበር የበላነው፤ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አሸዋ ቆሟል። ቤት ውስጥ ያለው ግማሽ ጀሪካን ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም ለእናቴ፣ ለአብቲ ሚስትና ለሁለቱ ልጆች። ስለዚህ የራዲያተሩን ውሃ አንዲት ጠብታ ሳላባክን ሳፋ ውስጥ አወረድኩ። አረንጓዴ ነው። ሰማዩ ላይ ድምፅ በሰማን ቁጥር ከመኪናው ሥር እንገባለን፣ ሲያልፍ ካቻቢቴዬን አንስቼ እቀጥላለሁ። ቱቦውን በቢላዋ ቆርጬ ገጠምኩ፣ ውሃውን በሻሽ አጥልዬ መለስኩ። ራዲያተሩ ሞላ፤ ሳፋው ውስጥ ሁለት ኩባያ ያህል ተረፈ።

"አብቲ፣ ይሄ ይጠጣል?" አለኝ አጎቴ።

ጣቴን ነክሬ ላስኩ። "ይጣፍጣል። ፈረንጆቹ ስኳር ነገር ጨምረውበት ይሆናል።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጋራዥ ያደግኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

ሳቀ። ቢስሚላህ ብሎ ጠጣ። እኔ የሚያፈስ እንዳለ ለማየት ከመኪናው ሥር ገባሁ። ስወጣ ሁለተኛውንም ኩባያ ጨርሶታል። ለእኔ እንኳ አላስቀረም ብዬ ተቀየምኩት።

ከሰዓት በኋላ በቁጥቋጦ መካከል ወደ ድንበሩ ስንነዳ ምላሱ መተሳሰር ጀመረ። ያለ ነገር ይስቃል። መኪናውን ሁለት ጊዜ ከመንገድ አወጣው፤ መሪውን ተቀበልኩት። ሰዎች ከሰፈሩበት ግራር ሥር ስንደርስ ሲወርድ ተንገዳግዶ ወደቀ። አንዱ፣ "እንዲህ ባለ ቀን እንኳ ጠርሙሱን አልተወም" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ሚስቱ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

አፉን አሸተትኩ። ምንም አይሸትም። ቢሆንም ያመንኩት እነሱን ነው።

"አታፍርም?" አልኩት።

"አብቲ፣ ውሃ... ውሃ ብቻ..." አለ።

ሽንቱ ቆመ። ትንፋሹ እንደ ሯጭ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ የቀበሩት ሰዎች ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር። ከዚያ ቱቦ ግን እስከ መጨረሻው ጠብ ያለ ነገር የለም። እናቴ ዳነች።

በስደት የቆየሁባት ጅጅጋ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት የአማርኛ ፊደል ቆጠርኩ። እንግሊዝኛውን ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ለቃቀምኩት። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አረንጓዴ ፈሳሽ ያለበት ጣሳ አንስቼ ጀርባውን አነበብኩ። መርዝ ነው ይላል። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው ይላል። የጠጣ ሰው በመጀመሪያ የሰከረ ይመስላል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ ያተረፈልኝ ይህን ነው።

ባለፈው ሳምንት ደሳለኝ ያየውን ሳፋ ጣሳ ውስጥ ገልብጬ ከደንኩትና ላዩ ላይ "መርዝ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ደሳለኝ ከመሰላሉ ላይ አንብቦ ወደ ልስኑ ተመለሰ።

የአብቲ ሚስት እዚሁ ሐርጌሳ፣ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ናት፤ አርጅታለች። አርብ አርብ እሄዳለሁ፣ ሻይ ትቀዳልኛለች፣ ስኳሩን ታበዛዋለች። ከሰላት በኋላ አላህ ያን የመጠጥ ኃጢአት ይቅር እንዲለው ስትለምን አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አሚንም እላለሁ።

ይኸው ጻፍኩት። በደንብ የምጽፈው በአማርኛ ስለሆነ ነው ብል አልዋሸሁም። ከአብቲ ሚስት ቤት ግን አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው የለም፤ እሱንም ስጀምር አውቀው ነበር።