ስለ «ዝገት» ሰው ያለውና እሷ ያላለችው

በስሟ የሚጠራት የለም። ሰፈሩ «ደረቋ» ይላታል፤ እሷም ቅር አይላትም። ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራት። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። አንድ ደንበኛ «መጋረጃው አጠረብኝ» ብሎ ቢመጣ «መስኮትህን ማን አስረዘመው?» ብላ ትመልሰዋለች። ግን ሄዳ ታየዋለች፣ ካጠረም ያለ ጭቅጭቅ ታስተካክለዋለች።

እንግዲህ ብላክ ሜታል የምትጫወተው ይቺ ሴትዮ ናት። ለማያውቅ ልንገረው፤ ጊታሩ እንደ መጋዝ የሚጮህበት፣ ድራሙ ያለ እረፍት የሚወርድበት፣ ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪላጥ የሚያንቋርርበት ሙዚቃ ነው። ከዚሁ ውስጥ ደግሞ «ጥሬ» የሚባለው ወገን አለ፤ ስቱዲዮ የለ፣ ማጣራት የለ፣ በተገኘው መቅረጫ እንደተቀዳ ለሰው ይሰጣል። ጫጫታ ነው ትሉ ይሆናል፣ በሉ። እሷ ግን ሲከፋትም ደስ ሲላትም የምታነሳው ያንኑ ጊታር ነው። አጎቷ አንዴ ሰምቶ «ልጄ፣ የሚያምሽ ነገር ካለ አትደብቂን» ብሏታል።

ድራሙን የሚመታላት ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አብልታ አልብሳ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ሌላ ወንድምም እህትም የላቸውም። እሱ አድጎ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ የድምፅ ባለሙያ ሆነ። ማይክ ባፏጨ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያፈጥጠው እሱ ላይ ስለሆነ፣ ከስህተት ጋር ጠበኛ ነው።

የሁለቱ ሕግ አንድ ነው፦ አንዴ የተቀዳ አይነካም። እሁድ ጠዋት ሱቁን ከውስጥ ይዘጋሉ፣ ድራሙን በጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል ይተክላሉ፣ አሮጌውን የካሴት መቅረጫ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይለቁታል። የወጣው ወጣ ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው መቼም አትጠይቁኝም።

አልበሙን የቀዱ ጊዜ በሦስተኛው ዘፈን መሀል የድራም ዱላው ከወንድሟ እጅ አመለጠና ጥቅሎቹ ሥር ገባ። ድራሙ ጭጭ አለ። እሷ አላቆመችም፤ እሱ ተንበርክኮ ሲዳብስ ጊታሯን ስትገዘግዝ ቆየች። በመጨረሻ አገኘውና ተመልሶ ገባ።

«ይሄን እንደግመዋለን» አለ ሲጨርሱ።

«ሕጋችንስ?»

«እታለም፣ እኔ በድምፅ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይሄ ከወጣ የሥራ ቦታ መሳቂያ እሆናለሁ።»

ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። እሷ ወይ ፍንክች። ጭራሽ ሳትነግረው፣ የመቀሷን ፎቶ ከላይ ለጥፋ «ዝገት» ብላ ሰየመችውና ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። እሱ ሲሰማ ሱቋ ድረስ መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም አለኝ እንዳትዪ» ብሏት ወጣ። ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳም፣ እሁድም አልመጣም። ደረቋ ድራሙን ከጨርቁ መሀል አላነሳችውም። በዙሪያው እየተሽከረከረች ትሰፋለች።

አስተያየቱ ይጎርፍ ጀመር። ድሮ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል ነበር፤ ዛሬ ስልኩ የታማውን ሰው ሐሜት ኪሱ ድረስ ያመጣለታል። አንዱ «ወፍጮ ቤት ውስጥ ድስት ሲንከባለል ነው» አለ። ሌላው «ማይኩን ትራስ ውስጥ ነው የከተታችሁት?» ሲል ጠየቀ፤ ጨርቅ ውስጥ ነበርና ብዙም አልተሳሳተም። ሦስተኛው «ጆሮዬን አመመኝ፣ ደግሜ ከፈትኩት» ብሎ ጻፈ። ሁሉም «ሰውዬው» ነው የሚሏት። «ሰውዬው ጊታር አይችልም፣ ግን አይፈራም» የሚለውን ስታነብ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ለብቻዋ ሳቀች። ሥራዋን ታውቃለችና ስድቡንም ሙገሳውንም ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ግን ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ይጣላል። ድራሙ ለምን ቆመ? አንዱ ሞት ነው አለ። አንዱ የለም፣ ጦርነት ሲያበቃ ያለው ዝምታ ነው ብሎ ተከራከረ። ማንበብ የሚወድ የሚመስል ሰው ስለ ዝምታ ገጽ ሙሉ ጽፎ ማንም አልመለሰለትም። ሌላው ደግሞ «ምን ሞት ምን ጦርነት፣ ድራመሩ እንቅልፍ ወስዶት ነው» ብሎ አረፈው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ይቺኛዋን ደረቋ አልሳቀችባትም፣ ደሟ ነው የፈላው።

በመጨረሻ ሰዎቹ በቀጥታ ጠየቋት፦ ሆን ተብሎ ነው ወይስ ስህተት? «ሆን ብለን ነው» ብትል ወንድሟ ከመሳቂያነት ይድናል፣ ምናልባትም ኩርፊያው ይበርዳል። ጽፋው ነበር። ልትልከው ስትል ግን እጇ ቆመ። አልበሙን ሳትጠይቀው አወጣች፤ አሁን ደግሞ ሳትጠይቀው ልትናገርለት? የጻፈችውን አጠፋች፣ ሱቁን ቆለፈችና ወደ አዳራሹ ሄደች።

ወንድሟ ለከሰዓቱ ስብሰባ ማይክ እየሞከረ ነበር። ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አያት፣ ሰላምም አላላት።

«የሚጽፉትን አይተሃል?» አለችው።

«ሁሉንም። ተኝቷል ያለኝንም።»

«ሆን ብለን ነው ልበላቸው? አንተ እንዳልከኝ አደርጋለሁ።»

ይህ ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። ቀና ብሎ አያት።

«የማላውቀው ሰው ሁሉ ተናገረብኝ» አለ። «ሞት አሉ፣ ጦርነት አሉ፣ እንቅልፍ አሉ። አንቺ ምን እንዳልሽ ግን እስከዛሬ አልሰማሁም። ሕግ ነው ብቻ ነው ያልሽኝ።»

ደረቋ አጠገቡ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ድራምህ ዝም ሲል» አለች፣ «እማዬ የሞተች ሰሞን ቤታችን ዝም እንዳለው ሆነብኝ። ብቻዬን ቀረሁ አልኩ። እኔም ካቆምኩ የምትመለስበት ይጠፋሃል ብዬ ፈራሁ፣ ለዛ ነው ያላቆምኩት። ከዛ መጣህ። ያንን ካሴት በሰማሁት ቁጥር የምሰማው ስትመጣ ነው። ብንደግመው ያ ይጠፋል። ይሄን መናገር አፍሬ ነው ሕግ ሕግ ያልኩህ። ሳልጠይቅህ ማውጣቴ ጥፋት ነው። ካልክ ዛሬውኑ አወርደዋለሁ።»

ወንድሟ ስልኩን አወጣ፣ ሚክሰሩ ላይ ሰካውና ሦስተኛውን ዘፈን ከፈተ። አዳራሹ ተናወጠ። ወንበር ደርዳሪዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። ድራሙ የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ እጁ ድምፁን የሚቀንሰው ቁልፍ ላይ ነበር። አልነካውም። ጊታሩ ብቻውን ባዶ ወንበሮቹ ላይ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ድራሙ ገባ።

«ምንድነው እሱ? ተበላሸ እንዴ?» አለ ከወንበር ደርዳሪዎቹ አንዱ ከወዲያ ማዶ።

ወንድሟ ዘፈኑን ዝቅ አደረገና ማይኩን አነሳ። መልሱ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ ተሰማ።

«አልተበላሸም። ዱላ ወድቆብኝ ነው። እስካነሳው እህቴ እየጠበቀችኝ ነበር።»