ለሰይድ ያስተረጎምኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት አል-ሳሃፋ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ከርከዴ እየጠጣን፣ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገችው ልጄ ስልኳን እያየች፣ «ዩማ፣ ከዚህ አዲስ አበባ በጠያራ ሁለት ሰዓት አይሞላም እኮ» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ከማን እንደሰማሁት ግን አልነገርኳትም።

በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ ኮምቦልቻ ሳለሁ ነው የሰማሁት፣ ከሰይድ። ሰይድ ልጃገረዶችን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ደላላ ነበር። ለእኔና ለጎረቤቴ ለዘይነብ፣ በአውሮፕላን ምሳ ሳይደርስ ካርቱም ትገባላችሁ ብሎ ማለልን። ነገር ግን መተማ ላይ ለማናውቃቸው ሰዎች አስረክቦን ተመለሰ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብን፤ ገሚሱን በእግር፣ ገሚሱን ሎሪ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭነን። ክረምት ነበርና ጭቃው ሎሪውን እየያዘ ያውለን ነበር። በአምስተኛው ቀን ዘይነብን ትኩሳት ያዛት። ገዳሪፍ ሳንደርስ፣ ራሷን ጭኔ ላይ እንዳደረገች ሞተች። መንገድ ዳር ቀበርናት። የሽንኩርት ሽታ እስከ ዛሬ ያጥወለውለኛል፤ ለወጥ የምትከትፍልኝ ልጄ ናት።

ሁለት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ዐረብኛውን ለመድኩ። አንድ ቀን ጠዋት፣ አቧራ ከተማውን ባጠቆረበት ሰዓት፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ዕቃ ልገዛ ወርጄ ሳለ አንድ ሰው ስሜን ጠራኝ። ሰይድ ነው። ለጉዳይ ካርቱም መጥቶ ሳለ እናቱ በጠና ታመው ስሙን እየጠሩ መሆናቸውን ቤተሰቦቹ በስልክ ነግረውታል። ዐረብኛ አያውቅምና የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ገብቼ እንዳስተረጉምለት ለመነኝ። እየሄድን፣ «ያቺ ጓደኛሽስ፣ ደህና ናት?» አለኝ። ስሟን እንኳ ረስቶታል።

«ደህና ናት» አልኩት።

ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ አየና ነገ ጠዋት ቦታ አለ፣ ፓስፖርቱን ይስጠኝ አለ። ሰይድ ከዚያ ሁሉ ዐረብኛ አንዲት ቃል ለቀመ።

«ቡክራ ነገ ማለት አይደል? ነገ አለ?»

«ነገ ተመልሳችሁ ጠይቁ ነው የሚለው። እስከ ሳምንት ሞልቷል» አልኩት። ለጸሐፊው ደግሞ፣ ሰውየው ሐሳቡን ቀይሯል ብዬ ነገርኩት።

ሰይድ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «በመኪናስ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እሱንስ እርስዎ ያውቁታል።»

የዚያኑ ዕለት በአውቶቡስ ሄደ። ከገዳሪፍ ወዲያ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ አገተው። ኮምቦልቻ ሲደርስ እናቱ ከተቀበሩ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። ወሬውን የሰማሁ ዕለት ፉሌን ዘይት አስጨምሬ ጠግቤ በላሁ። ከዘይነብ ሞት ወዲህ ምግብ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም ነበር።

ልጄ አንድ ቀን አገር ቤት አብረን እንሂድ ትለኛለች፤ ኢንሻአላህ እላታለሁ። በሰይድ ላይ ያደረግሁትን ዛሬም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ። ያላስቀመጡኝ እናቱ ናቸው። ኮምቦልቻ ሳለሁ በበራቸው ሳልፍ ይመርቁኝ ነበር። ዓይናቸው በሩ ላይ እንደተተከለ ያለፉት በእኔ ምላስ ነው። ለዘይነብ በየሶላቱ ዱዓ አደርጋለሁ። ለእሳቸው ላደርግ እጄን ስዘረጋ ግን፣ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።