መክተፊያ የሚያህለው ስልክ

ትልቁን ስልክ የገዛሁት ለሥራዬ ነው። አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። መካኒኮች የሚፈልጉትን ዕቃ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል፤ በትንሿ ስልኬ የዕቃውን ቁጥር ማንበብ እያቃተኝ ስንቴ ሌላ ዕቃ አውጥቼ ተቆጥተውኛል።

እንከኑን አልደብቅም። በአንድ እጅ አይያዝም። ኪስ አይገባም፤ ቦርሳ ውስጥ ስከተው ደግሞ የታክሲው ግፊያ ላይ ልቤም አብሮ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው። ተጋድሜ ሳይ አምልጦኝ አፍንጫዬ ላይ የወደቀ ቀን እንባዬ መጥቷል። ጎረቤታችን ባየኝ ቁጥር መክተፊያውን ይዘሽ ወዴት ነው ይለኛል። የሚባለው ሁሉ ልክ ነው። ፊደልን ግን የፈለጉትን ያህል ያገዝፋል፣ እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱን ነበር።

ቤታችን ውስጥ የጨነቀኝ የአባቴ ዓይን ነው። ሐኪሙ ከዚህ በላይ መነጽር አይረዳውም ብሏል። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ቀራንዮ ከሰፈረ ጀምሮ የዕለቱን ዳዊት ሳይደግም እህል ቀምሶ አያውቅም። አሁን አሁን ግን ገጹን የሚገልጠው በልማድ ይመስለኝ ጀመር። ስጠይቀው «አያለሁ» ብሎ ይቆጣል። ንባቡን ካጣ ምን እንደሚቀረው ሳስብ እፈራለሁ። እያየሁ ዝም አልልም አልኩና ዳዊቱን ስልኩ ላይ ጫንኩት። ፊደሉን ሳገዝፈው በአንድ ጊዜ የሚታየው አራት መስመር ብቻ ሆነ።

አባቴ በእጁም አልነካውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ይኼ ነገር ሽንት ቤት ገብቶ ያውቃል?»

መዋሸት አልቻልኩም። የእሱ ዳዊት በቆዳ ማኅደር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ መሬት የማይቀመጥ መጽሐፍ ነው፤ የኔ ስልክ የማይገባበት የለም። ከዛሬ ጀምሮ አይገባም ብዬ ቃል ገባሁለት። ሳምንት ሙሉ ሲታዘበኝ ከረመ። እኔም ወደ ጓሮ በወጣሁ ቁጥር እያየኝ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀምጥ ነበር። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ስልኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

ያን ቀን የሆነው አሁንም ያስቀኛል። አንብቦ ሲጨርስ እንደ መጽሐፉ አድርጎ ስልኩን ሊሳለመው ወደ አፉ አስጠጋ። ልክ በዚያች ሰዓት አለቃዬ ደወለ፤ ስክሪኑ ጣትና ከንፈር አይለይም። አባቴ ሳያውቅ ስልኩን በከንፈሩ አነሳው፣ ከዳዊቱ ውስጥም የወንድ ድምፅ «የት ደረስሽ?» አለው።

ደንግጦ ስልኩን ጭኔ ላይ ጣለው። ሁለተኛ እንዳታመጪው አለኝ። እኔ ግን ከዚህ ደርሼ አልመለስም አልኩ። ሲም ካርዱን አውጥቼ ወደ አሮጌዋ፣ መስታወቷ ወደተሰነጠቀው ስልኬ መለስኩት፤ ትልቁ ከዚያ ወዲያ የእሱ ብቻ ሆነ። ሱቅ ስገባ እንደ ድሮው ዓይኔን አጨንቁሬ ቁጥር እፈልጋለሁ፤ መካኒኮቹም እንደ ድሮው ይቆጡኛል። ይቆጡ።

በማግስቱ ስልኩ ከእንግዲህ ማንንም እንደማያናግር አሳምኜ አስያዝኩት። ቁርሱን ይዤ ስገባ አጎንብሶ ያነባል። መሀል ላይ ቆመ። ወደ ላይ መለሰና ያንኑ መስመር ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ይህቺን ስዘላት ኖሬያለሁ። አይታየኝም ነበር ልጄ፤ በቃሌ ነው የምለው የነበረው።»

ለእኔ እንዲህ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ቁርሱ እየቀዘቀዘ ነው አልኩት።

ሳህኑን በእጁ ገፋ አደረገና ገጹን ወደ መጀመሪያው እንድመልስለት አዘዘኝ።