የተራ አስከባሪው ደጅ ጥናት

ጌታነህ በአረካ መናኸሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ተራ አስከብሯል። የትኛው ሚኒባስ ቀድሞ እንደ ገባ፣ የትኛው ቀጥሎ እንደሚወጣ ሳይጽፍ ያውቃል፤ ሾፌሮች ሲጣሉ የእሱ ቃል ይዳኛቸዋል። እግረ መንገዱንም የዝንጅብልና የጎደሬ ጆንያ ጣሪያ ላይ ያወጣ ነበር። ብሽሽቱ ላይ እንቁላል የምታህል እብጠት የወጣችበት በዚሁ ሥራ ነው። ቡአ መሆኗን፣ አንጀት ገፍቶ የሚያወጣት እብጠት መሆኗን አውቋል። ግን ቦታው የሚያሳፍር ሆነበትና ለባለቤቱ ለአባይነሽ እንኳ ሳይነግር፣ በነጠላ ቅዳጅ ጠፍሮ እያሰረ ሁለት ዓመት ቆየ።

አባይነሽ ቅዳጁን ያገኘችው ልብስ ስታጥብ ነው። አልተቆጣችም፤ ባሏን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሱ አስተኝቶ፣ እንዲያስል አድርጎ አየውና ሶዶ ወዳለ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈለት።

«አሁን እብጠቱ ተኝተው ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይመለሳል» አለው። «አልመለስ ያለ ቀን ግን አንጀትዎ ታነቀ ማለት ነው። ያኔ ጊዜ አይሰጥም።»

ወሩ ኅዳር ነበር። ሰኞ ሄደ። ካርድ ክፍል ደጅ እስከ ስድስት ሰዓት ተሰልፎ የሰማው፣ የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ የሚታየው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ መሆኑን ነው። ይህን በር ላይ ቢለጥፉት ምን ነበረበት እያለ ተመለሰ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደርሶ ሰባተኛ ሆነ። ከፊቱ ከቢጠና የመጣች እንቅርት ያለባት ሴት ነበረች፤ ፈጠነች ትባላለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ባለ ኮት መጥቶ ከጥበቃው ጋር ተንሾካሾከና ገባ። ቀጥሎ ሌላ ገባ። ጌታነህ አላስችል ብሎት ወደ ጥበቃው ጠጋ አለ፤ እነዚህ ሰዎች ከሁላችንም ኋላ ነው የመጡት ብሎ በቀስታ ነገረው።

«አባቴ፣ ይሄ መናኸሪያ አይደለም» አለው ጥበቃው።

የጌታነህን ሥራ አያውቅም፤ እንዲያው አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። ጌታነህን ግን ቀኑን ሙሉ አንገበገበው። በመናኸሪያማ እንዲህ አይደረግም። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና የተገለበጠባቸው ሰዎች መጡና ሐኪሙ ወደ ድንገተኛ ተጠራ። ትዕዛዝ የምትባለው ነርስ ወጥታ የቀራችሁ ማክሰኞ ኑ አለች።

ማክሰኞ ካርዱ ጠፋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። አዲስ እስኪወጣለት በቀን የሚታየው ሠላሳ ሰው ሞላ።

በአራተኛው ጉዞ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ሄደ። ሰው በመጣበት ቅደም ተከተል ስሙን መዘገበ፤ አማርኛ የከበደውን በወላይትኛ እያስረዳ። ከዚያ ዝርዝሩን ለትዕዛዝ ሰጣት። ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያም ከወረቀቱ ላይ ትጠራ ጀመር። የዚያን ቀን ያለ ተራው የገባ የለም።

ሐኪሙ ዶክተር ዘላለም ዓይኑ የቀላ ወጣት ነው። ጌታነህን አራት ደቂቃ እንኳ አላየውም። ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልገው ነግሮት ለግንቦት አሥራ አራት ቀጠረው። ስድስት ወር! ጌታነህ ቀጠሮውን አጥፎ ኪሱ ከተተና አመስግኖ ወጣ። ለምን እንዳመሰገነ ራሱም አልገባውም።

መጋቢት ላይ አንድ ማለዳ መናኸሪያው መሐል ሕመሙ አጠፈው። ተኝቶ ቢጫን እብጠቱ አልመለስ አለ፤ ያስታውከውም ጀመር። ሾፌሮቹ ባዶ ሚኒባስ ላይ አስተኝተው ሶዶ አደረሱት። ካርድ የጠየቀው የለም። በሦስት ሰዓት ውስጥ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር። ስንዝር የሚያህል አንጀት ሞቶ ስለነበር ተቆርጦ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተር ዘላለም ጌታነህ ወደተኛበት ክፍል መጣ።

«አባት፣ በጊዜ ቢመጡ ኖሮ አንጀትዎ አይቆረጥም ነበር።»

«አራት ጊዜ መጥቻለሁ» አለ ጌታነህ። «ያዩኝም እርስዎ ነዎት።»

ሐኪሙ ካርዱን ገለጠ። የገዛ እጅ ጽሑፉን አገኘ። ሐኪሞቹ ሁለት ብቻ እንደሆኑ፣ ከጌታነህ በፊት መቶ ሰማንያ ሰው እንደነበረ ነገረው። ጌታነህ ለዚህ ሰው ያጠራቀመው ቁጣ ነበረው። ግን ሰውዬው ቆሞ ሊያንቀላፋ ምንም አልቀረው፤ በማን ላይ ይቆጣ?

«ከመቶ ሰማንያው ስንቱ ነው እንደኔ ታንቆ የሚመጣው?» አለው።

ዶክተሩ ካርዱን አጥፎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ግንቦት አሥራ ሦስት ቀን ስልኩ ጮኸ። ነገ ለኦፕራሲዮን ይምጡ አለች አንዲት ሴት። ጌታነህ ቀድሞ ኦፕራሲዮን መደረጉን ነገራትና፣ አልጋው ባዶ እንዳይውል ከእሱ ቀጥሎ ላለው ሰው እንድትደውል ለመናት። የቢጠናዋ ፈጠነች እስካሁን ትጠብቅ እንደሆነም ጠየቃት።

የሌላ ሰው ጉዳይ አይነገርም አለችና ስልኩን ዘጋች።